የአሮጌ ትራክተር ዋጋ በምን ይመዘን?

በሬ ሊገዛ ወደ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ገንዘቡን ብቻ ይዞ አይወጣም፤ ዕውቀቱንም ይዞ ይወጣል። የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ኮቴውን ያያል፤ ጥቂት አስኪዶም አካሄዱን ይመረምራል። ይህን ዕውቀት ከአባቱ የወረሰው ስለ ሆነ ደላላው ምንም ያህል ቢምል በቀላሉ አይታለልም። ይኸው ገበሬ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ያገለገለ ትራክተር ሊገዛ በሄደ ጊዜ ከፍቶ የሚያየው ጥርስ ያጣል። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ደላላው «ጋሼ፣ ይህ እኮ ገና ልጅ ነው» ይላል፤ ዋጋውም ይነገራል። ገበሬው የበሬዎቹን ዋጋ ቆጥሮ ሲሰጥ የሚቀበለው ነገር ምን ያህል ዕድሜ እንደ ቀረው የሚነግረው የለም።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ይህ ነው። አሳባችንንም ከመጀመሪያው በአጭሩ እንናገራለን። ያገለገለ ትራክተር የሚገዛ ሰው የሚገዛው ብረቱን አይደለም፤ በብረቱ ውስጥ የቀረውን ሥራ ነው። የቀረውን ሥራ የሚመሰክር መዝገብ ስለሌለ ግን ዋጋው የሚወሰነው በወሬ፣ በቀለምና በዶላር ምንዛሪ ሆኗል። ይህም ሳይታረም እስከ ቀረ ድረስ የሚጎዳው አነስተኛው ገበሬ ነው።

ነገሩን በሆሳዕናና በአካባቢዋ ማየት የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ዙሪያዋን የሌሞና የአናሌሞ የስንዴ ማሳ ከቧታል። ወደ ምሥራቅ ዝቅ ሲሉ የሻሾጎ ሜዳ፣ ወደ ሾኔ ሲሄዱ ደግሞ የባደዋቾ የበቆሎ አገር ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ከምባታ ነው፤ ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ዶዮገናና ሺንሺቾ። ይህ የእንሰት አገር ነው፤ ሕዝቡ የተጠጋጋ፣ ማሳው የጠበበ፣ ብዙው መሬትም ተዳፋት ነው። ስለዚህ በሻሾጎ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚያገኝ ትራክተር በአምባሪቾ ተራራ ሥር ባለ ተዳፋት ላይ ከጥንድ በሬ ብዙም አይሻልም። አንዱ መሣሪያ በሁለት ወረዳ ሁለት ዋጋ አለው ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ገዢ ስንት ነው?

ከዚህም ሌላ የዚህ አገር ልጆች ብዙዎቹ ላለፉት ሃያ ዓመታትና ከዚያም በላይ ወደ ደቡብ አፍሪካ እየሄዱ፣ በዚያም በሱቅና በንግድ ላይ ተሠማርተው ለወላጆቻቸው ገንዘብ ይልካሉ። ገንዘቡ ቤት ይሆናል፤ ሱቅ ይሆናል፤ ሚኒባስ ይሆናል። ለእርሻ የሚያስብ ቤተሰብ ያጋጠመው እንደ ሆነ ደግሞ ትራክተር ይሆናል። በስደትና በላብ የተገኘ ገንዘብ ለተቃጠለ ሞተር እንዳይከፈል መጠንቀቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።

ወደ ዋጋው ከመሄዳችን በፊት ስለ ትራክተርና ስለ መሬት አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የእርሻ ልማት ድርጅት በተቋቋመበት ዘመን ምርቱ እየጨመረ ሲሄድ ባለ ርስቶቹ ትራክተር እየገዙ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ካረሱት መሬት ተነሡ። ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ዛሬም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚህ ምክንያት በሐዲያም ሆነ በከምባታ ትራክተር የገዛ ሰው በራሱ ማሳ ብቻ ወጪውን ሊመልስ አይችልም፤ ለጎረቤት ማከራየት አለበት። ከኩታ ገጠም እርሻ ወዲህ ደግሞ ይህ የኪራይ ሥራ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል፤ ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ዘር ለመዝራት ሲስማሙ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትራክተር ይፈልጋሉና። አዲሱን ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው ወደዚህ ሥራ የሚገባበት በር ያገለገለ ትራክተር ነው። በሩ ግን ገደል እንዳይሆን ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ዋጋው እንምጣ። በሌላው ዓለም አንድ ትራክተር ከነጋዴው ግቢ በወጣ ጊዜ ዋጋው መውደቅ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት አብዝቶ ይወድቃል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ይቀንሳል። በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ተቃራኒው ነው። «ከሰባት ዓመት በፊት በዚህን ያህል ገዝቼ፣ አርሼበት፣ ገንዘቡንም በልቼ፣ ዛሬ ከገዛሁበት በላይ ሸጥሁት» የሚል ሰው አይጠፋም። አድማጩም ይገረማል፤ ትራክተር እንደ ወይን ጠጅ ሲያረጅ የሚጣፍጥ ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የተለወጠው ትራክተሩ ሳይሆን ብሩ ነው።

የብርን ጉዞ እናስታውስ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተሻገረ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በመቶ 15 እንዲቀንስ ሲደረግ ዶላሩ ከ23 ብር ገደማ ወደ 27 ብር ገደማ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተወሰነ ጊዜ ደግሞ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትራክተር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ ሆነው እንዲገቡ ስለ ፈቀደ፣ የአዲሱን ትራክተር ዋጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የውጭ አገር ዋጋውና የዶላሩ ምንዛሪ ነው። የአሮጌው ዋጋ ደግሞ የአዲሱን ጥላ ይከተላል።

በምሳሌ እናስረዳ። በ2009 ዓ.ም. አንድ ሰው በውጭ አገር ዋጋው 20,000 ዶላር የሆነ ትራክተር ገዛ እንበል። በጊዜው ምንዛሪ፣ በ23 ብር ስናሰላው፣ 460,000 ብር ይሆናል። ትራክተሩ ሰባት ዓመት አርሶ ግማሽ ዋጋውን አጣ፤ 10,000 ዶላር ቀረው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በ57 ብር ምንዛሪ፣ ይህ ግማሽ ዋጋ 570,000 ብር ነው። ባለቤቱ 110,000 ብር ያተረፈ መስሎት ደስ ይለዋል፤ ድግስም ይደግስ ይሆናል። ነገር ግን በ570,000 ብሩ ሌላ አዲስ ትራክተር ልግዛ ቢል 1,140,000 ብር ይጠየቃል። በእጁ ያለው ግማሹ ብቻ ነው። ወር ሁለት ወር ቆይቶ፣ ምንዛሪው 100 ብር ካለፈ በኋላ፣ ሊገዛ ቢሄድ ደግሞ አዲሱ ከ2,000,000 ብር በላይ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ያንን ጊዜ ገንዘቡ ግማሹን ቀርቶ ሲሦውንም አይሞላ። ትራክተሩን ሸጦ ብሩን በሣጥን ያስቀመጠ ሰው እንዲህ ሆኖ ይቀራል። አተረፍሁ ያለው ሰው ተከሰረ ማለት ነው።

ስለዚህ በብር የተነገረ ዋጋ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ገበሬ የሚያውቀው ሌላ ሚዛን አለ፤ እርሱም ኩንታል ነው። ትራክተሩ ድሮ 600,000 ብር በነበረ ጊዜ አንድ ኩንታል ስንዴ 3,000 ብር ከነበረ፣ ዋጋው 200 ኩንታል ነበር። ዛሬ ትራክተሩ 1,200,000 ብር ቢባልና ኩንታሉም 6,000 ብር ቢሆን፣ አሁንም ዋጋው 200 ኩንታል ነው። እነዚህን ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል አመጣናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ ናቸው አላልንም። ይሁን እንጂ ስሌቱን ማንም ገበሬ በጣቱ ሊያደርገው ይችላል። በኩንታል ሲቆጠር የተወደደ ትራክተር በእርግጥ ተወዷል፤ በብር ብቻ የተወደደ ግን አልተወደደም።

የአዲሱ ዋጋ የአሮጌውን እንደሚጎትት ለማየት ወደ ውጭ ዓለምም ብንመለከት አይጎዳም። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1922 ዓ.ም. ፎርድሰን የተባለውን ትራክተሩን ዋጋ በአንድ ጊዜ ከ625 ወደ 395 ዶላር ዝቅ ባደረገ ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ዋጋቸውን ለመቀነስ ተገደዋል። አሮጌ ትራክተር በግቢው የነበረው ሰው ትራክተሩ ምንም ሳይሆን በአንድ ጀንበር ዋጋው ሲቀንስ መታየቱ ግልጽ ነው። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ዓ.ም.፣ በወረርሽኙ ምክንያት ፋብሪካዎች ዕቃ ባጡ ጊዜ፣ በአሜሪካ ያገለገሉ ትራክተሮች ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ። ከዚያ በኋላ አዲሶቹ ሲመጡ፣ የእህል ዋጋ ሲወርድና የባንክ ወለድ ሲጨምር ተመልሶ ቀነሰ። በውድ ጊዜ በብድር የገዛ ሰው ዕዳው ሳይቀንስ የትራክተሩ ዋጋ ቀነሰበት። በእኛም አገር ዋጋ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል ብሎ በብድር መግዛት እንዲሁ ያለ አደጋ አለበት።

አሁን ደግሞ ወደ ትራክተሩ ራሱ እንግባ። የትራክተር ዕድሜ በዓመት አይቆጠርም፤ በሠራበት ሰዓት ነው። ለዚህም ሰዓት መቁጠሪያ ተገጥሞለታል። የአሜሪካ የእርሻ መሐንዲሶች ሁለት ጎማ የሚነዳ ትራክተር በደኅና ከተያዘ 12,000 ሰዓት ያህል እንደሚያገለግል ይገምታሉ። እኛ አቧራውን፣ የዘይት መጓደሉንና የመንገዱን ሁኔታ አስበን 10,000 ሰዓት እንበል። አሁን በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው፣ ሁለቱም ቀይ የሆኑ ሁለት ትራክተሮች ለገበያ ቀረቡ። የሁለቱም ዋጋ 900,000 ብር ነው ተባለ። አንደኛው 4,000 ሰዓት ሠርቷል፤ ሁለተኛው 8,000 ሰዓት። ለመጀመሪያው 6,000 ሰዓት ሥራ ቀርቶታል፤ ገዢው ለያንዳንዱ ሰዓት 150 ብር ይከፍላል። ለሁለተኛው የቀረው 2,000 ሰዓት ብቻ ነው፤ ገዢው ለያንዳንዱ ሰዓት 450 ብር ይከፍላል። ቀለማቸው አንድ፣ ዋጋቸው አንድ፤ ነገር ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ውድ ነው። አንድ ሄክታር ለማረስ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ ናፍጣው፣ የሹፌሩ ደመወዝና መለዋወጫው ሳይቆጠር፣ የመጀመሪያው ባለቤት ለትራክተሩ ብቻ በሄክታር 300 ብር፣ የሁለተኛው 900 ብር ይወጣበታል። ሁለቱም በአንድ ቀበሌ በአንድ የኪራይ ዋጋ ቢሠሩ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ለመገመት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም።

ከዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ትራክተሩ በዓመት ስንት ሰዓት ሥራ ያገኛል? በዓመት 500 ሰዓት ይሥራ ብንል 250 ሄክታር ማረስ አለበት። የብዙው ገበሬ ማሳ ሁለት ጥማድ፣ ማለት ግማሽ ሄክታር ያህል፣ በሆነበት አገር ይህ 500 ደንበኛ ማግኘት ማለት ነው። የበልግና የመኸር የማረሻ ወራት ደግሞ አጭር ናቸው፤ ዝናብ የባለ ትራክተርን ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ አስቦ የሚገዛ ማኅበር ከገበያ በፊት ደንበኞቹን ይቆጥራል። ደንበኛ ሳይቆጥር ትራክተር የሚገዛ ሰው ላም ሳይኖረው እርጎ መናጫ እንደሚገዛ ሰው ነው። ገበያው ራሱም ወቅት ያውቃል፤ የማረሻ ወር ሲቃረብ ሁሉም ይፈልጋል፤ ማሳው ተዘርቶ ሲያበቃ ግን ትራክተሩ በግቢ ይቆማል፤ ሻጩም የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ይደርስበታል። የሚችል ሰው በሥራ ወራት ሳይሆን ሥራ ባበቃ ወራት ቢገዛ ይጠቀማል።

መለዋወጫም የዋጋው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ቤላሩስ ትራክተሮች ይገጣጠሙበት ነበር። ቤላሩስ፣ ማሴ ፈርጉሰን፣ ጆን ዲር፣ ኒው ሆላንድ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት የህንድና የቻይና ትራክተሮችም እያንዳንዳቸው ወዳጅ አላቸው። እኛ አንዱን አመስግነን ሌላውን ለመንቀፍ አልተነሣንም። የምንለው ይህ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሲበላ፣ ካምቢዮው ሲሰበር፣ የናፍጣ ፖምፓው ሲደክም ዕቃው የት ይገኛል? በሆሳዕና ይገኛል ወይስ ሹፌሩ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ መሄድ አለበት? ትራክተሩ በማረሻ ወር አሥር ቀን ከቆመ የዓመቱን ትርፍ ይዞ ይቆማል። ስለዚህ መለዋወጫው በቅርብ የሚገኝ አሮጌ ትራክተር መለዋወጫ ከሌለው አዲስ ትራክተር ሊበልጥ ይችላል። መልሶ መሸጥ ቢያስፈልግም ገዢ የሚገኘው ለዚያው ነው።

ታዲያ ገዢው የትራክተሩን ጥርስ እንዴት ይቁጠር? መካኒኮች የሚያውቁትን ጥቂቱን እንንገር። አንደኛ፣ ትራክተሩን ለማየት ሲሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይቆይ ማለት ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ሁሉ ቶሎ ይነሣል። ሁለተኛ፣ ጢሱን ማየት ነው። ሰማያዊ ጢስ ሞተሩ ዘይት መብላቱን ይናገራል፤ ጥቁር ጢስ በናፍጣው ፖምፓ ወይም በአየር ማጣሪያው ላይ ችግር መኖሩን ይጠቁማል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጢስ ውሃ ገብቶ እንደ ሆነ ያሳስባል። የሞተሩ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎታል። ሦስተኛ፣ ማረሻውን አንሥቶ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ ማረሻው ወዲያው ወደ መሬት ከወረደ ሀይድሮሊኩ ደክሟል። አራተኛ፣ የሰዓት መቁጠሪያውን ከፔዳሉ ጋር ማስተያየት ነው። የቆጣሪው ገመድ ሊነቀል፣ ቆጣሪውም ሊለወጥ ይችላል፤ ፔዳሉ ግን አይዋሽም። ቆጣሪው 2,000 እያለ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ተበልቶ ካለቀ፣ ተሳቢ የሚጎተትበትም ቀዳዳ ከሰፋ፣ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ነው። አምስተኛ፣ የኋላ ጎማዎቹን ማየት ነው፤ የእነርሱ ዋጋ ብቻውን ገዢውን ሊያስለቅስ ይችላልና። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ከብረቱ ሌላ ወረቀቱም ይመረመር። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በትራክተሩ ላይ ከተቀረጸው ጋር መመሳሰል አለበት። በ1990 ዓ.ም. በወጣው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ መሠረት በኪራይ ግዥ የተወሰደ ትራክተር ክፍያው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ባለቤቱ አከራዩ ድርጅት ነው፤ ተከራዩ ቢሸጠው የገዛው ሰው ገንዘቡንም ትራክተሩንም ሊያጣ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ዋስትና ማድረግን የሚመለከት አዋጅ ወጥቶ በብሔራዊ ባንክ የዋስትና መዝገብ እንዲኖር ተደርጓል። ስለዚህ ትራክተሩ ለዕዳ ተይዞ እንደ ሆነ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት መጠየቅ ይቻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለገዢው ጥበቃ አለው፤ ሻጩ ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ነው፤ ገዢው ግን ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ውሉ በጽሑፍ ሲሆን ነው። በቡና ላይ በተሰጠ ቃል ትራክተር አይገዛም።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ለገዢው ብቻ ማድላት ነው፤ ሻጩስ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከሁሉ በላይ የተጎዳው ደግ ሻጭ ነው እንላለን። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በዚሁ ዘርፍ ባደረገው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። አሜሪካኖች ብልሹ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። በእኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ዕለት ለወደዷት የሚወረወር ነገር ስለ ሆነ ስሙ ያሣቅ ይሆናል፤ አሳቡ ግን የሚያሣቅ አይደለም። ገዢው ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በመካከለኛው ዋጋ ብልሹው ያለው ደስ ብሎት ይሸጣል፤ ደኅናው ያለው ግን «በዚህስ አልሸጥም» ብሎ ከገበያ ይወጣል። በመጨረሻ ገበያው የሎሚ ብቻ ይሆናል። ዘይቱን በጊዜው የለወጠ፣ ማጣሪያውን ያጸዳ፣ ትራክተሩን በጥላ ሥር ያሳደረ ሰው ድካሙን የሚመሰክርለት ካጣ በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ይደክማል?

ለዚህ ነገር መድኀኒት ያገኙ አሉ። በአሜሪካ በነብራስካ ግዛት ዊልሞት ክሮዚየር የሚባል ገበሬ «ፎርድ» የሚል ስም ያለው ትራክተር ገዛ። ትራክተሩ ከሄንሪ ፎርድ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ በስሙ ብቻ የሚነግድ ኩባንያ የሠራው ነበርና ሥራውን ሳይሠራ ቀረ። ይህ ገበሬ አልቅሶ ዝም አላለም። ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመርጦ ገባና እ.ኤ.አ. በ1919 ዓ.ም. አንድ ሕግ እንዲወጣ አደረገ፤ በነብራስካ አዲስ የሚሸጥ ትራክተር ሁሉ አስቀድሞ በዩኒቨርሲቲው ተፈትኖ ጉልበቱ ይረጋገጥ፣ ሻጩም መለዋወጫ በግዛቲቱ ውስጥ ያስቀምጥ የሚል ነው። ፈተናው በሚቀጥለው ዓመት ተጀመረ፤ ውጤቱም ከግዛቲቱ አልፎ በሌላ አገር ያሉ ገዢዎች የሚያነቡት ሆነ። አንድ የተታለለ ገበሬና አንድ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ይህን አደረጉ።

በሆሳዕናም ዩኒቨርሲቲ አለ። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በከተማይቱ ይገኛል፤ በዱራሜም ካምፓስ አለው። በከተማይቱም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የሚሰጥባቸው ተቋማት አሉ። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ዓመት አልሆነንም፤ ተማሪ በሥዕል የተማረውን ሞተር በእጁ ለመንካት ምን ያህል እንደሚናፍቅ እናውቃለን። ስለዚህ አሳባችን የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ በዩኒቨርሲቲው ወይም በቴክኒክ ተቋሙ ግቢ ያገለገሉ ትራክተሮች የሚመረመሩበት አንድ ስፍራ ይዘጋጅ። ሻጩ ወይም ገዢው መጠነኛ ዋጋ ከፍሎ ትራክተሩን ያስመርምር፤ መምህሩና ተማሪዎቹም የሞተሩን፣ የካምቢዮውን፣ የሀይድሮሊኩንና የጎማውን ሁኔታ ጽፈው ማኅተም ያድርጉበት። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ባለ ትራክተር መዝገብ ይኑረው፤ ሹፌሩ በየቀኑ የሠራበትን ሰዓት፣ ያረሰውን ሄክታርና ዘይት የተለወጠበትን ቀን ይጻፍበት። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ከትራክተር ዋጋ ጋር ሲተያዩ ወጪ አይባሉም። ሦስተኛ፣ የግብርና ቢሮው ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በየወሩ የተሸጡትን ትራክተሮች ስም፣ የተሠሩበትን ዓመት፣ የሠሩትን ሰዓትና በእውነት የተከፈለባቸውን ዋጋ፣ የሰው ስም ሳይጠቅሱ፣ በሰሌዳ ላይ ይለጥፉ። የስንዴና የበቆሎ ዋጋ ሲነገር የምንሰማ ከሆነ የትራክተር ዋጋ ለምን ምሥጢር ይሆናል?

ደላሎች በዚህ ይከፋቸው ይሆን? እንጀራቸውን ለመቁረጥ አልተነሣንም። ገዢና ሻጭን ማገናኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የምርመራ ወረቀት ያለው ትራክተር የሚያመጣ ደላላ መማል አያስፈልገውም፤ ቶሎም ይሸጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ገዢው ራሱ ፈልጎት ይመጣል። ምርመራው ወጪ ነው የሚሉም ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ወጪ ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው በሰዓት 150 ብር በሚከፍልና 450 ብር በሚከፍል መካከል ያለው ልዩነት ከማናቸውም የምርመራ ዋጋ ይበልጣል።

ሁሉም እስኪደራጅ ድረስም ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ገንዘብ ያዋጡ ጎረቤታሞች ትራክተር ለማየት ሲሄዱ ሦስት ሰው ይላኩ፤ አንዱ መካኒክ፣ አንዱ ወረቀት የሚያነብ፣ አንዱም ዝም ብሎ ፔዳሉን የሚያይ ሽማግሌ ይሁን። ዋጋው ሲነገር በብር ብቻ አይስሙት፤ ስንት ኩንታል ነው፣ ስንት ሰዓት ቀርቶታል፣ ስንት ደንበኛ አለን ብለው ይጠይቁ። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሻጩ ሊመልስ ካልቻለ ገንዘቡ በኪስ ይቆይ፤ በሬዎቹም ገና አይሸጡ። አባቶቻችን የበሬን ጥርስ መቁጠር የተማሩት በአንድ ቀን አልነበረም፤ እኛም የትራክተርን ጥርስ መቁጠር የምንማርበት ጊዜ አሁን ነው እንላለን።